ሉፐስና የደም መርጋት፤ በስሙ የሚያሳስተው አንቲቦዲ

ደም ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት። በሥሮች ውስጥ ሲዘዋወር ያለማቋረጥ መፍሰስ፣ ሥር ሲቆረጥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ረግቶ ቀዳዳውን መድፈን ይጠበቅበታል። ይህ ሚዛን ሲዛባ ወይ ደሙ አልቆም ብሎ ይፈሳል፣ ወይም ምንም ባልተቆረጠ ሥር ውስጥ ረግቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሉፐስ የተባለው ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ለዚህ ለሁለተኛው አደጋ የተጋለጡ ናቸው። ምክንያቱ ደግሞ የራሳቸው ሰውነት የሚያመርታቸው፣ ፀረ ፎስፎሊፒድ የሚባሉ አንቲቦዲዎች ናቸው።

የሚገርመው እነዚህ አንቲቦዲዎች በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚሰጡት ምልክት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲመረመር ቶሎ አልረጋ የሚለው ደም፣ በሰውነት ውስጥ ያለቦታው ይረጋል። ቂጥኝ ይዟት የማያውቅ ሴት ቂጥኝ አለብሽ ልትባል ትችላለች። ለደም መርጋት የሚያስፈልጉት ፕላትሌቶች ቁጥራቸው አንሶ እየታየም ደም ይረጋል። እነዚህን ሦስት አሳሳች ውጤቶች በትክክል ማንበብ የአንዲትን ወጣት እግር፣ አንጎል ወይም ፅንስ ሊያድን ይችላል። በተቃራኒው ማንበብ ደግሞ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ሊያስከለክላት ይችላል።

ሉፐስ ምንድን ነው?

የሰውነት በሽታ መከላከያ ኃይል ዋነኛ ሥራው ከውጭ የሚገቡ ባክቴሪያዎችንና ቫይረሶችን ለይቶ ማጥቃት ነው። ለዚህም አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። በሉፐስ ሕመም ጊዜ ግን ይህ ኃይል የራሱን ቤተሰብ ከጠላት መለየት ይሳነውና የገዛ አካሉን ማጥቃት ይጀምራል። የሚያጠቃውም አንድን ክፍል ብቻ አይደለም። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ልብን፣ ሳንባን፣ አንጎልንና ደምን ሁሉ ሊነካ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም፣ ትኩሳት፣ የፀጉር መነቃቀልና በፀሐይ የሚባባስ የፊት ሽፍታ ከተለመዱት ምልክቶች ውስጥ ይጠቀሳሉ።

ከአሥር የሉፐስ ሕሙማን ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹም በሽታው የሚጀምራቸው በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው። የደም መርጋት ጉዳይ ከእርግዝናና ከወሊድ መከላከያ ጋር በጥብቅ የሚያያዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ሦስቱ አንቲቦዲዎች

ፎስፎሊፒድ የሕዋሳት ሽፋን የሚሠራበት የቅባት ዓይነት ነው። ፀረ ፎስፎሊፒድ የሚለው ስያሜም አንቲቦዲዎቹ ይህን ቅባት፣ ይበልጡን ደግሞ ከቅባቱ ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖችን ስለሚያጠቁ የተሰጠ ነው። በምርመራ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ ሁለተኛው ፀረ ካርዲዮሊፒን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፀረ ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 ይባላል።

ከሉፐስ ሕሙማን መካከል ከ30 እስከ 40 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ይገኛል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ደማቸው ይረጋል ማለት አይደለም። ብዙዎች አንቲቦዲውን ይዘው ለዓመታት ያለ ምንም ችግር ይኖራሉ። አንቲቦዲው በደም ውስጥ መገኘቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። አንቲቦዲው በተደጋጋሚ ምርመራ ከተገኘና የደም መርጋት ወይም የእርግዝና ችግር ካስከተለ ግን ሁኔታው የፀረ ፎስፎሊፒድ ሕመም ተብሎ ይጠራል።

ይህ ሕመም ሉፐስ በሌለባቸው ሰዎችም ላይ ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነና በአውሮፓ አገሮች 1,000 ሕሙማንን ባካተተ ጥናት ከ1,000ው ውስጥ 820ዎቹ ሴቶች ነበሩ። ከሦስተኛው እጅ የሚበልጡት፣ ማለትም 36 በመቶዎቹ፣ ሉፐስ አለባቸው። ግማሽ የሚያህሉት ደግሞ ሌላ ተጓዳኝ በሽታ አልተገኘባቸውም።

ከቂጥኝ ምርመራ የጀመረ ታሪክ

የእነዚህ አንቲቦዲዎች ታሪክ የሚጀምረው ከሉፐስ ሳይሆን ከቂጥኝ ነው። ጀርመናዊው አውግስት ፎን ቫሰርማን እ.ኤ.አ. በ1906 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የቂጥኝን የደም ምርመራ ይፋ አደረገ። ምርመራው ከሰውነት ሕብረ ሕዋስ በተወሰደ ጭማቂ የሚሠራ ነበር። በጭማቂው ውስጥ ምላሽ የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ውስጥ አንድ ፎስፎሊፒድ ለይታ አወጣችና ከልብ ስለተገኘ ካርዲዮሊፒን አለችው።

የቂጥኝ ምርመራ በስፋት መሰጠት ሲጀምር አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የበሽታው ምልክትም ሆነ ታሪክ የሌላቸው አንዳንድ ሰዎች ውጤታቸው ፖዘቲቭ ሆኖ ይመጣል፤ ለዓመታትም ሳይለወጥ ይቆያል። በ1950ዎቹ እነዚህን ሰዎች የተከታተሉ ሐኪሞች ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ቆይተው ሉፐስ እንደያዛቸው አስተዋሉ።

በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ኮንሊና ሃርትማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ በቱቦ የሚደረገውን የደም መርጋት የሚያዘገይ ነገር እንዳለ ጻፉ። ግምቱ እነዚህ ሰዎች ለደም መፍሰስ የተጋለጡ ናቸው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን በሌሎች ሐኪሞች የቀረበ ዘገባ ይህ ነገር በደማቸው ያለባቸው የሉፐስ ሕሙማን የተጠቁት በደም መፍሰስ ሳይሆን በደም መርጋት መሆኑን አሳየ። ይሁን እንጂ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ስም ሲወጣለት ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ተባለ። ትርጉሙ የሉፐስ የደም መርጋት ተከላካይ ማለት ነው። ስያሜው በሁለት በኩል አሳሳች ነው። አንደኛ፣ አንቲቦዲው የሚገኝባቸው ብዙ ሰዎች ሉፐስ የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሳይሆን የሚያረጋ ነው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

የተበታተኑትን ክሮች አንድ ላይ የቋጨው በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል በእንግሊዛዊው ሐኪም ግራሃም ሂዩዝ የሚመራው ቡድን ነው። ሂዩዝ ቀደም ሲል በጃማይካ ሲሠራ የቂጥኝ ምርመራቸው ፖዘቲቭ የሚሆን፣ የነርቭ ችግርም ያለባቸውን ሕሙማን ሁኔታ ተከታትሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 እርሱና ባልደረቦቹ፣ ከእነዚህም ውስጥ ናይጄል ሃሪስና አዚዝ ጋራቪ፣ ፀረ ካርዲዮሊፒንን በቀጥታ የሚለካ ምርመራ ይፋ አደረጉ። የደም መርጋት፣ ተደጋጋሚ ፅንስ መጨናገፍና የፕላትሌት ማነስ በአንድ ሕመም ጥላ ሥር የሚጠቃለሉ መሆናቸውም ግልጽ ሆነ። ሕመሙ ዛሬም በብዙ አገሮች የሂዩዝ ሕመም በመባል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ተመራማሪዎች አንቲቦዲዎቹ የሚፈልጉት ቅባቱን ራሱን ሳይሆን ከቅባቱ ጋር የሚጣበቀውን ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን 1 የተባለ የደም ፕሮቲን መሆኑን ደረሱበት።

በቱቦ አልረጋ ያለው ደም በሰውነት ለምን ይረጋል?

ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በፎስፎሊፒድ ገጽ ላይ ተደርድረው ነው። ነገሩን በምጣድ መመሰል ይቻላል። እንጀራ ለመጋገር ሊጥ ብቻ አይበቃም፤ የሚፈስበት ምጣድ ያስፈልገዋል። በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ የሚጨመረው ፎስፎሊፒድ መጠኑ ውስን ነው። አንቲቦዲዎቹ ቀድመው ምጣዱን ይይዙታል። ስለዚህ ፕሮቲኖቹ ቦታ ያጡና ደሙ ለመርጋት ይዘገያል።

በሕያው ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። እዚህ አንቲቦዲዎቹ የሚያገኙት ሕይወት የሌለው ቅባት ሳይሆን የደም ሥርን የውስጥ ገጽ የሸፈኑ ሕዋሳትን፣ ፕላትሌቶችንና ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው። በእነዚህ ላይ ሲያርፉ ሕዋሳቱ ይቆጣሉ። የደም ሥሩ ገጽ የሚያንሸራትት መሆኑ ቀርቶ የሚያጣብቅ ይሆናል፣ ፕላትሌቶች ይሰባሰባሉ፣ የደም መርጋትን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች ይወጣሉ። ኮምፕሊመንት የተባለው የመከላከያ ኃይሉ ክፍልም ተነሥቶ ነገሩን ያባብሰዋል።

ታዲያ አንቲቦዲው ሁልጊዜ በደም ውስጥ እያለ ደሙ ሁልጊዜ የማይረጋው ለምንድን ነው? ሐኪሞች ይህን በሁለት ምት ያስረዱታል። አንቲቦዲው የመጀመሪያው ምት ነው፤ ደሙን ለመርጋት ዝግጁ ያደርገዋል። ሁለተኛው ምት ሲታከልበት ነው አደጋው የሚመጣው። ሁለተኛው ምት ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት፣ ሲጋራ ወይም ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ሊሆን ይችላል። የሉፐስ ሕመም ራሱ ሲነሣም እንዲሁ ነው። በተለይ ኩላሊት ተጎድቶ በሽንት ብዙ ፕሮቲን የሚወጣ ከሆነ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል።

የት ይረጋል? ምልክቱስ?

ይህን ሕመም ከሌሎች ደም ከሚያረጉ ችግሮች የሚለየው በደም መላሽም ሆነ በደም ወሳጅ ሥሮች ውስጥ ደም ሊረጋበት የሚችል መሆኑ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የአውሮፓ ጥናት 39 በመቶ በሚሆኑት ላይ በእግር ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች፣ 14 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሳንባ ውስጥ ደም ረግቷል። 20 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ስትሮክ ደርሶባቸዋል።

የእግር ደም መርጋት ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ላይ ብቻ፣ በተለይ በባት አካባቢ፣ እብጠት፣ ሕመምና ሙቀት ያስከትላል። በአካባቢያችን እንዲህ ያለው እብጠት መጋኛ ነው እየተባለ በቅባት ሲታሽ ወይም ወጌሻ ዘንድ ሲወሰድ ይታያል። የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት አደገኛ ነው። የረጋው ደም ከቦታው ተላቅቆ ከደም ጋር በመጓዝ ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ከታየ ሰዓት ሳያባክኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ስትሮክ በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ተደርጎ ይታሰባል። በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው፣ የደም ግፊትም ሆነ ስኳር ሳይኖርበት፣ ድንገት አፉ ሲጣመም፣ አንድ ጎኑ ሲዝል ወይም ንግግሩ ሲተሳሰር ግን ከሚፈለጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ አንቲቦዲ ሊሆን ይገባል። ከዚህ ሌላ በቆዳ ላይ እንደ መረብ የሚታይ ወይን ጠጅ ዝርዝር መስመር ይከሰታል። ይህ ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ስለማይታይ በቀላሉ ይታለፋል። በልብ በሮች ላይ የሚከሰት ጉዳትም ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ነው።

ከመቶ ሕሙማን ከአንድ በማይበልጡት ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ የሰውነት ክፍሎች የሚገኙ ጥቃቅን የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ይህ ሲሆን ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎል አብረው ይደክማሉ። እንዲህ ያለው ሁኔታ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቀሰው በኢንፌክሽን፣ በቀዶ ሕክምና ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒትን በድንገት በማቋረጥ ነው። ከሚደርስባቸው ሰዎች ቢያንስ ሦስተኛው እጅ ይሞታል።

በእርግዝና ጊዜ

አንቲቦዲዎቹ ፅንሱን የሚጎዱት በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። የእንግዴ ልጁ በወጉ እንዳያድግ ያደርጋሉ፤ በውስጡ ያሉ የደም ሥሮችም ሊዘጉ ይችላሉ። ውጤቱ ተደጋጋሚ የፅንስ መጨናገፍ፣ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ደኅና ይመስል የነበረ ፅንስ መሞት፣ የፅንስ ዕድገት መቀጨጭ ወይም ከ34ኛው ሳምንት በፊት የሚመጣ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ከአንቲቦዲዎቹ አንዱ ከተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች መካከል ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ካለባቸው 39 በመቶዎቹ እርግዝናቸው ችግር ገጥሞታል። ይኼኛው ከሌለባቸው ግን ችግሩ የደረሰባቸው 3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

ፅንስ ሲጨናገፍ በአገራችን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሴትየዋ ላይ ይጣላል። ከባድ ዕቃ አንሥታ ነው፣ ሾተላይ ነው፣ ዕድሏ ነው ይባላል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያስወረዳት ወይም ፅንሷ በሆዷ የሞተባት ሴት ግን መመርመር የሚገባት እንጂ የምትወቀስ አይደለችም። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በለንደን የተደረገ ጥናት ተደጋጋሚ የፅንስ መጨናገፍ ለደረሰባቸውና አንቲቦዲው ላለባቸው ሴቶች አስፕሪን ብቻ ሲሰጥ በሕይወት የተወለዱት ሕፃናት 42 በመቶ ነበሩ። ሄፓሪን የተባለው መርፌ ሲጨመርበት ግን 71 በመቶ ደረሱ። ዛሬም ሕክምናው በእነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች ላይ የተመሠረተ ነው።

ምርመራውና ሦስቱ አሳሳች ውጤቶች

ለማረጋገጥ አንድ ምርመራ አይበቃም። በኢንፌክሽን ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ምክንያት አንቲቦዲዎቹ ለጥቂት ጊዜ ታይተው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት ፖዘቲቭ ከሆነ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ሦስቱንም መመርመር ያስፈልጋል፤ አንዱ ኔጋቲቭ ሆኖ ሌላው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላልና። የሉፐስ አንቲኮአጉላንት ምርመራ በእስያ በሚገኝ ራስል በተባለ እፉኝት መርዝ የሚሠራ ነው። መርዙ ደምን በፍጥነት የሚያረጋ ሲሆን፣ በመርዙም እንኳ ደሙ ለመርጋት ሲዘገይ አንቲቦዲው መኖሩ ይጠረጠራል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ይህን ውጤት ስለሚያዛቡ የሚወስዱትን ሁሉ አስቀድመው ለላቦራቶሪው መናገር ተገቢ ነው።

አንደኛው አሳሳች ውጤት ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚታዘዘው ኤፒቲቲ የተባለው የደም መርጋት ምርመራ ነው። ውጤቱ ረዝሞ ሲመጣ ሕመምተኛዋ ደሟ ቀጭን ነው ልትባል ትችላለች። በዚህም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሊሰጣት የሚገባው መከላከያ መርፌ ሊቀርባት ይችላል። ምክንያቱን ለመለየት የጤነኛ ሰው ደም ውኃ ከእርሷ ጋር ተቀላቅሎ ይመረመራል። የጎደለ ፕሮቲን ከሆነ ውጤቱ ይስተካከላል፤ አንቲቦዲው ከሆነ ግን አይስተካከልም።

ሁለተኛው የቂጥኝ ምርመራ ነው። በእርግዝና ክትትል ለነፍሰ ጡሮች ከሚሰጡት የቂጥኝ ምርመራዎች መካከል ቪዲአርኤል የተባለው በውስጡ ካርዲዮሊፒን አለበት። ስለዚህ ፀረ ካርዲዮሊፒን ያለባት ሴት ቂጥኝ ሳይኖርባት ፖዘቲቭ ልትሆን ትችላለች። በዚህ ወረቀት ምክንያት ባልና ሚስት ሊጠራጠሩ፣ ትዳርም ሊናጋ ይችላል። ውጤቱ የቂጥኝን ተሕዋሲ በቀጥታ በሚመለከት ሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ይህ ማለት ግን ውጤቱን ችላ ማለት ይገባል ማለት አይደለም። እውነተኛ ቂጥኝ ፅንስን የሚገድል በሽታ ስለሆነ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ ሐኪሙ ፔኒሲሊን ካዘዘ መወሰድ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የፕላትሌት ማነስ ነው። ከሕሙማኑ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፕላትሌታቸው መጠነኛ ቅናሽ ያሳያል። ሆኖም ይህ ቅናሽ ከደም መርጋት አይጠብቃቸውም።

ለማን ይበልጥ ያሰጋል?

አንቲቦዲው ያለባቸው ሁሉ እኩል አደጋ የለባቸውም። ሦስቱም አንቲቦዲዎች በአንድ ላይ የተገኙባቸው ሰዎች ከሁሉም ይበልጥ ይሰጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከተገኘ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ከሌሎቹ የበለጠ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ነው። የአንቲቦዲው መጠን ከፍተኛ ሲሆንና በተደጋጋሚ ሲገኝም አደጋው ይጨምራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዝቅተኛ መጠን የታየ ውጤት ግን እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም።

ሕክምናው

ደም ረግቶባቸው ለማያውቁ፣ ግን አንቲቦዲያቸው ከፍተኛ አደጋ ያለው ለሆነ የሉፐስ ሕሙማን በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም የሆነ አስፕሪን ይመከራል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ የወባ መድኃኒት ከሆነው ክሎሮኪን ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ለሉፐስ ሕሙማን ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚታዘዝ ነው። የሉፐስን መነሣሣት ከመቀነሱም በላይ የደም መርጋትን አደጋ ዝቅ እንደሚያደርግ ጥናቶች ያመለክታሉ። በእርግዝና ጊዜም አይቋረጥም። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል የዓይን ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

ደም አንድ ጊዜ ከረጋ በኋላ ግን አስፕሪን ብቻውን በቂ አይደለም። ሕክምናው በሄፓሪን መርፌ ተጀምሮ ዋርፋሪን ወደሚባለው እንክብል ይሸጋገራል። አብዛኞቹም ዋርፋሪኑን የሚወስዱት ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ለዕድሜ ልክ ነው። መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ሲሆን፣ በደም መላሽ ሥር ለረጋባቸው ውጤቱ ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚህ ከፍ ማድረግ የተሻለ ጥበቃ እንደማይሰጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ዋርፋሪን አስቸጋሪ መድኃኒት ነው፤ ተደጋጋሚ ምርመራ ይጠይቃል። በመሆኑም ብዙዎች ምርመራ የማያሻቸውን እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ አዳዲስ እንክብሎች ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢጣሊያ ሦስቱም አንቲቦዲዎች ባሉባቸው ሕሙማን ላይ ሁለቱን መድኃኒቶች ያነጻጸረው ጥናት ሪቫሮክሳባን የወሰዱት ላይ ስትሮክን ጨምሮ ብዙ ጉዳት በመድረሱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ላሉባቸው እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች አይመከሩም።

ዋርፋሪን የጀመረች ሴት ለማርገዝ ካሰበች አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት። መድኃኒቱ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ስለሚጎዳ በሄፓሪን ይተካል። ሄፓሪን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ አይገባም። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታትም ደም የሚረጋባቸው ስለሆኑ መርፌውን ወዲያው ማቆም አይገባም።

በየዕለቱ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

የወሊድ መከላከያ፦ ኤስትሮጅን ያለባቸው እንክብሎች አንቲቦዲው ላለባቸው ሴቶች አይፈቀዱም። በአገራችን በብዛት የሚመረጠው የሦስት ወር መርፌም ለእነርሱ አይመከርም። በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ወይም ፕሮጀስቲን ብቻ ያለበት እንክብል የተሻለ ምርጫ ነው።

ምግብ፦ ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ስለሆኑ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳሉ። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም። መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ማድረግ ነው። በጾም ወራት በየቀኑ ጎመን እየበሉ በፍስክ ጭራሽ መተው አይኤንአርን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ጾም ሲገባና ሲወጣ ምርመራውን ማድረግ ይጠቅማል።

ሌሎች መድኃኒቶች፦ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለራስ ምታት ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንን ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ መውሰድ የለበትም። ጨጓራ እንዲደማ ያደርጋሉ። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም ከውስጥ ሊያደማ ይችላል። የባሕል መድኃኒት የሚወስዱም ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው።

ጉዞ፦ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚደረገውን የመሰለ ረጅም በረራ ወይም የሙሉ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ሲያደርጉ በየሰዓቱ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ መጠጣትና ከጉዞ በፊት ሐኪምን ማማከር ይመከራል።

አለማቋረጥ፦ ጤና ስለተሰማቸው፣ ጾም ስለገባ ወይም ጸበል ስለገቡ መድኃኒቱን ማቋረጥ ለከባድ አደጋ ይዳርጋል። እምነትና መድኃኒት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ጥርስ ለማስነቀልም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ሲባል መድኃኒቱ የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው።

ሲጋራ ማቆምና የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠርም ሁለተኛውን ምት የማስቀረት አካል ነው።

ሉፐስ እንዳለባት የተነገራት ሴት እነዚህ ሦስት አንቲቦዲዎች ተመርምረውላት እንደሆነ ሐኪሟን መጠየቅ መብቷ ነው። ምርመራው በሁሉም ጤና ተቋም የሚገኝ ባለመሆኑ ውጤቱ አንዴ ከተገኘ ወረቀቱን በጥንቃቄ መያዝ፣ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና፣ እርግዝናና ወሊድ በፊትም ለሚያክማት ሐኪም ማሳየት ይገባታል። ከቤተሰቧም ቢያንስ አንድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ራሷን ስታ ሆስፒታል ብትደርስና የደም መርጋት ምርመራዋ ዘግይቶ ቢታይ፣ ደሟ ቀጭን ሳይሆን ለመርጋት የቸኮለ መሆኑን በእርሷ ፈንታ የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋታል።